ተፍቆ የሚነበበው ቁጥር

ተቆጣጣሪዋ አጉሊ መነጽሯን የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ደፍታ መመርመር ከጀመረች ቆየች። ጋሽ ፍሬን ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው ፊት ፊቷን ያያሉ። ከአፏ የሚጠብቁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "ፎርጅድ ነው" እንድትላቸው። ለራሳቸው እንኳ ደፍረው አልነገሩትም እንጂ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የሚጸልዩት ለዚሁ ነው።

ልጅቷ ከመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የመጣች ናት። ካርቶኑ የሟች ባለቤታቸው የልብ መድኃኒት ነው። ጎኑ ላይ እንደ ሞባይል ካርድ የሚፋቅ ቅብ ነበረው፤ አሁን ተፍቆ አሥራ ሁለት አሃዝ ይታያል። ልጅቷ ካርቶኑን ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። የፋብሪካው ምልክት ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ ተለወጠ። ማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገች።

"ጋሽ ፍሬን" የመዝገብ ስማቸው አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሲነዱ እግራቸው ከፍሬኑ ላይ አይነሳም ነበርና ተሳፋሪ ያወጣላቸው ነው። "በእሳቸው አውቶቡስ የተሳፈረ መድረሱ አይቀርም፤ መቼ ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው" ይባል ነበር። ባለቤታቸውም ቀልዱን ወዳው ዕድሜ ልኳን "ፍሬኔ" እያለች ጠራቻቸው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ጠዋት "ደረቴን ከበደኝ" አለቻቸው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው "እስቲ እስከ ምሳ ሰዓት እንየው" አሉ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አረፈች። ይህችን ነገር ለማንም አልተነፈሱም፤ በየሳምንቱ ለምትደውልላቸው ለልጃቸው እንኳ።

ለቅሶው ሊበተን ሲል ከለቀስተኞቹ አንዱ ጫማውን እያሰረ "ዘንድሮ ያልተጭበረበረ ምን አለ? መድኃኒቱስ ቢሆን ማን ያውቃል?" ብሎ ወጣ። ሰውየው ገና ከግቢው ሳይርቅ የተናገረውን ረስቶት ይሆናል። ቃል ግን የሚከብደው ቤት ለቀረው ነው። በማግስቱ ካርቶኑን ከትራስጌ አንስተው ቅቡን በቁልፍ ፋቁና እላዩ በተጻፈው ነፃ ስልክ ደወሉ። አንዲት ሴት ቁጥሩን ተቀብላ "የያዙት መድኃኒት እውነተኛ ነው" አለቻቸው። ቀጥላም "ሌላ ልረዳዎት የምችለው ነገር አለ?" ብላ ጠየቀች።

ለደወለ ሁሉ የምትለው እንደሆነ ጠፍቷቸው አይደለም። ግን ለቅሶው ከተበተነ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። "የለም ልጄ፣ ተባረኪ" ብለው ዘጉ።

በሳምንቱ ደግመው ደወሉ። ያንኑ ቁጥር፣ አሃዝ በአሃዝ፣ ቀስ ብለው አነበቡላት። መልሱም ያው፣ ጥያቄውም ያው። ከዚያማ ለመዱት። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ጭር ሲልባቸው ስልኩን ያነሳሉ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግማሹ ያቺን ጥያቄ ለመስማት ነው፤ ግማሹ ግን መልሱ አንድ ቀን ቢለወጥ ብለው ነው። መድኃኒቱ ፎርጅድ ከሆነ "እስከ ምሳ ሰዓት" ማለታቸው ምንም አይደለማ። ጥፋተኛው ሌላ ሰው ይሆናል፤ እሳቸውም እንቅልፍ ይተኛሉ።

በስድስተኛው ጥሪ መልሱ ተለወጠ። ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቁጥሩ አጠራጣሪ መሆኑን፣ መድኃኒቱን ማንም እንዳይወስደው ነገረቻቸውና ከየት እንደገዙት ጠየቀች። ከመንገዱ ጥግ ካለው ፋርማሲ፣ አሏት።

የፋርማሲውን ባለቤት ሰፈሩ "ዶክተር" ይለዋል። "ኧረ እኔ ፋርማሲስት ነኝ" እያለ ቢለምን ማን ሰምቶት። ከለቅሶው ወዲህ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግቶ ወደ ጋሽ ፍሬን የሚመጣው እሱ ብቻ ነበር። ግፊታቸውን ይለካል፣ አንድ ዙር ዳማ ይጫወታል፣ ይሸነፋል፣ ይሄዳል። ሆን ብሎ እንደሚሸነፍ እያወቁ ዝም ይሉታል። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ በዚያው ከሰዓት ካርቶኑን ይዘው ሄደው፣ ደንበኛ በሞላበት፣ "ሚስቴን በእጅህ ገደልክብኝ" ያሉት። ዶክተር ክንዳቸውን ያዝ አድርጎ "ጋሼ፣ ይቀመጡና እንነጋገር" አለ። እሳቸው እጁን አሽቀንጥረው ወጡ። በነጋታው ከቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ መጥተው ፋርማሲውን አሸጉት። የጋሽ ፍሬንንም በር ከዚያ ቀን ወዲህ ያንኳኳው የለም፤ ዛሬ ይህች ልጅ እስክትመጣ።

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አስቀመጠች።

"አባቴ፣ ስለዚህ ካርቶን ቁጥር ስንት ጊዜ ነው የደወሉት?"

"አንድ ሁለቴ ይሆናል" አሉ።

ልጅቷ ከፋይሏ አንድ ወረቀት አወጣች። "ስድስቴ ነው። ስድስቱም ከእርስዎ ስልክ።" ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ይልቅ እንዴት እንደምትነግራቸው የቸገራት ትመስላለች። "አንድ ቁጥር የሚታተመው ለአንድ ካርቶን ብቻ ነው። አጭበርባሪዎች ደግሞ አንዱን እውነተኛ ቁጥር ገልብጠው ሺህ ካርቶን ላይ ያትሙታል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ከአምስት ጊዜ በላይ ከተጠየቀ ኮምፒዩተሩ 'አጠራጣሪ' ይላል። ደዋዩ ሺህ ሰው ይሁን አንድ ሰው አያጣራም።"

ጋሽ ፍሬን ኩም አሉ። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጡም፤ ቁጥሩ ልክ ቢሆንስ ካርቶኑ ተመሳስሎ የተሠራ ቢሆን ብለው ጠየቋት። ልጅቷ መነጽሩን እጃቸው ላይ አደረገችላቸው። በምልክቱ ዙሪያ በባዶ ዓይን ቀጭን መስመር የሚመስለው መስመር አልነበረም። የፋብሪካው ስም ነው፤ እንደ አቧራ በደቀቀ ፊደል መቶ ጊዜ ተደጋግሞ ተጽፏል። የሚገለብጥ ሰው ይህን ማውጣት እንደማይችል፣ በፎርጅዱ ላይ ተጨማልቆ መስመር ብቻ ሆኖ እንደሚቀር አስረዳቻቸው። ጋሽ ፍሬን ግን አልሰሟትም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያነበቡ ነበር። ሁሉም ጥርት ብለዋል።

"እንግዲያው ደህና መድኃኒት ነው" አሉ።

"ደህና ነው፣ አባቴ።"

"ደህና መድኃኒት እየዋጠች ነው የሞተችው።"

ልጅቷ የልብ ነገር መቼም ይታወቃል ብላ ጀመረችና ተወችው። ቃላቸውን የጻፈችበትን ወረቀት አነበበችላቸውና ፈረሙ። ማሸጊያው ሐሙስ እንደሚነሳ ነግራቸው፣ ካርቶኑን እዚያው ትታላቸው ሄደች። ብቻቸውን ቀሩ። እስካሁንም ብቻቸውን ነበሩ፤ ያኔ ግን የሚወቅሱት ሰው ነበራቸው።

ኮታቸውን ደርበው ዶክተር ቤት ሄዱ። በሩን ራሱ ከፈተው፤ ሙሉውን ግን አይደለም። ጋሽ ፍሬን መንገድ ላይ ያሰናዱት ንግግር ጠፋባቸውና ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን፣ በገዛ ስልካቸው የመጣ ጣጣ መሆኑን እንደምንም አስረዱ።

"ሰምቻለሁ ጋሼ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ደውለውልኛል።"

"ይቅር በለኝ፣ ልጄ።"

"ይቅርታውስ ቀላል ነው" አለ ዶክተር፣ እጁን ከበሩ ጠርዝ ሳያነሳ። "ሐሙስ የማሸጊያውን ወረቀት ያነሱልኛል። ግን ሰው ሁሉ ያየው ሲታሸግ ነው። ሲነሳ ቆሞ የሚያይልኝ ማን አለ? እርስዎም የተናገሩት ሰው በሞላበት ነው፤ ይቅርታውን ያመጡልኝ ግን እዚህ፣ ሁለታችን ብቻ ባለንበት።"

ዶክተር "ደህና ይዋሉ" ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢወረውረው ይሻላቸው ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እውነታቸውን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ፍሬን ከቤታቸው አንድ ወንበር ተሸክመው ወጡ። ፋርማሲው በር ላይ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፏል። ወንበሩን ከወረቀቱ አጠገብ አስቀምጠው ተቀመጡ። የሚያውቋቸው እያለፉ "ምነው ጋሼ፣ አውቶቡስ ይጠብቃሉ እንዴ?" ብለው ቀለዱ። እሳቸውም ለእያንዳንዱ ፋርማሲው ሐሙስ እንደሚከፈት፣ ስህተቱ የእሳቸው እንደሆነ ነገሩ። አንዳንዱ ቆሞ ሰማ፣ አንዳንዱ አንገቱን ነቅንቆ አለፈ።

ረፋድ ላይ የሐኪም ማዘዣ የያዘች ሴት መጣች። በሩ ላይ የተለጠፈውን አንብባ ፊቷን አዞረች።

"ቆይ እስቲ፣ ልጄ" አሏት። "ሐሙስ ይከፈታል። የዚህ ሰው መድኃኒት እውነተኛ ነው፤ በውሸት ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ የልብ መድኃኒቷን ከዚሁ ነበር የምትወስደው።"

"ታዲያ ተሻላቸው?" አለች ሴትየዋ በደግነት።

"ተሽሏታል" ቢሉ ሴትየዋ ሐሙስ ትመጣለች፤ የሚጠይቅ የለም፣ የሚያጣራም የለም።

"ሞታለች" አሉ። "መድኃኒቱ ግን ደህና ነበር። ጠዋት ደረቴን ከበደኝ አለችኝ፤ እስከ ምሳ ሰዓት እንየው ብዬ ያቆየኋት እኔ ነኝ።"

ሴትየዋ ማዘዣውን ለሁለት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ሐሙስ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠየቀቻቸው።