የአባቴ ጫማ በአጎቴ እግር

ያን ቀን ጠዋት አጎቴ ዓይኑን በጨው አጥቦ የአባቴን ጥቁር ጫማ ተጫምቶ ሆስፒታል መጣ። የሰጠችው እናቴ ናት። አባቴ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ በማሽን መተንፈስ ከጀመረ ወዲህ፣ "ከእንግዲህ ምን ሊያደርግለት" ብላ ለወንድሟ አስረከበችው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ደብዳቤ ሲያድል የኖረ፣ ጫማውን ሳይወለውል ከደጅ የማይወጣ ሰው እኮ ነው። ግን እናት ናትና ምን እላታለሁ።

እግሬ አላርፍ ብሎኝ ኮሪደሩን ስመላለስ ፊዚዮቴራፒስቷ መጣች። አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት።

"ዛሬ አባባን አልጋው ጫፍ ላይ ልናስቀምጣቸው ነው" አለችን።

"ቱቦው ከአፉ ሳይወጣ?" አለች እናቴ። "ልጄ፣ ትንፋሹን እንኳ የያዘለት ማሽን ነው።"

"እማማ፣ መተኛቱም ያስፈራል። ጡንቻ ካልሠራ ቶሎ ይከዳል። ግፊታቸውንም ኦክስጅናቸውንም አይተናል፣ ደህና ነው። ነርሷ ሌላ ሥራ የላትም፣ ቱቦውን ብቻ ነው የምትይዘው። ካስቸገራቸው ወዲያው እናስተኛቸዋለን።"

እናቴ ክንዴን ጨመደደችው። "አንቺ፣ አንድ ነገር በያት እንጂ። ቢሞትብንስ?"

እኔም ፈርቻለሁ። ግን ጣሪያው ላይ አፍጥጦ ሲውል ማየት አንገፍግፎኛል። "ይነሳ" አልኩ። እናቴ ክንዴን ለቀቀችው።

እኔንና እናቴን ከመጋረጃው ውስጥ አቆሙን፤ አጎቴ ውጪ ቀረ። ነርሷ ቱቦውን ያዘች፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ትከሻውን ደግፋ አዞረችውና እግሮቹ ከአልጋው ወረዱ። ያ ሁሉ ሰፈር ያዳረሰ እግር አገዳ አክሏል። ወዲያው ማሽኑ ጮኸ።

"የፈሩት ይደርሳል" ብላ እናቴ ፊቷን ሸፈነች። እኔ አንዴ ሞኒተሩን አንዴ አባቴን አያለሁ፤ መቆሚያ ጠፋኝ።

"ትንሽ እንቆይ" አለች ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ዓይኗን ከቁጥሩና ከአባቴ ፊት ሳትነቅል። "አባባ፣ የሚያስቸኩለን ነገር የለም። ቀስ ብለው ይተንፍሱ።"

ጩኸቱ ቆመ። አባቴ አንገቱን ቀና ማድረግ አቅቶት ወለሉን ያይ ጀመር።

ይሄኔ አጎቴ አላስችል ብሎት መጋረጃውን ገልጦ ገባ። የአባቴ ዓይን ጫማው ላይ አረፈ። ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ መልሶ ግራውን አየ። ከዚያ ጣቱን አንስቶ ጠቆመ።

"እንዳይደርቅብህ ብዬ ነው" አለ አጎቴ።

አባቴ ጣቱን አላወረደም።

"በጣም ጥሩ" አለች ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ምንም ሳታውቅ። "እንዲህ ከበረቱልን በቅርቡ እናቆማቸዋለን። የማያንሸራትት ጫማ ከቤት አምጡላቸው።"

የአባቴ ጣት ቀስ ብሎ ከአጎቴ ወደ እናቴ ዞረ። ስንት ዓመት አብረው ኖረው ማን እንደሰጠ ይጠፋዋል እንዴ።

እናቴ ወንድሟን "አውልቅ" አለችው። ጫማውን ተቀብላ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና አባቴ እግር አጠገብ ተንበርክካ አስቀመጠችው።

"የምትነሳ አልመሰለኝም" አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው።

አባቴ ጣቱን አወረደ። ባዶ እግሩን መሬት ለመሬት እየጎተተ ወደ ጫማው ሲያስጠጋ፣ ማንም አላገዘውም።