ዘለበት ያለው ሰዓት

«ዝጊው! ነቅቷል አልኩሽ!»

የልብስ ሰፊዋ አክስት ይህን ብላ መሳቢያውን በጉልበቷ ገፋችው። ልብስ ሰፊዋ ጣቷን ለጥቂት አተረፈች። አልጋው ላይ አባቷ ዓይኑን ገልጦ ሁለቱንም አየና፣ እንደ ትናንቱ፣ እንደ ትናንት በስቲያውም፣ የአልጋውን ጠርዝ በእጁ መምታት ጀመረ።

«እሺ» አለ። «እሺ... እሺ!»

ከዓመት ተኩል በፊት ስትሮክ ሲመታው ቀኝ ጎኑ ሰንፎ ምላሱም አብሮ ተያዘ። ከቃል ሁሉ የቀረችለት ይህቺው አንዷ ናት። ሲርበውም እሺ፣ ሲቆጣም እሺ ነው። እናቷ በስልክ ስታጫውታት፣ «አርባ ዓመት ለምኜው እሺ ያላለኝ ሰውዬ፣ ይኸው ዛሬ ከእሺ ሌላ አያውቅም» እያለች ትስቅ ነበር።

ያቺ ሳቂታ እናት ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

መሳቢያው ውስጥ የተደበቀው ሰዓት ነው። ሆስፒታሉ የሟቿን ልብስ በላስቲክ ቋጥሮ ሲያስረክብ፣ ከቀሚሷና ከጫማዋ ጋር ክብ፣ ከበድ ያለ፣ ፊቱ እንደ አሮጌ ወረቀት የወየበ የወንድ የእጅ ሰዓት አብሮ ወጣ። «ከእጇ የፈታነው ነው» አለች ነርሷ። ልብስ ሰፊዋ ያኔ የገባት ግራ መጋባት እስካሁን አልለቀቃትም። እናቷ ሠላሳ ዓመት የአዝራርና የክር ሱቅ ይዛ ስትኖር ሰዓት አስራ አታውቅም። ሲያሻት በበሩ የሚያልፈውን ሁሉ፣ «ስንት ሰዓት ሆነ ልጄ?» ትላለች። ለምን አትገዢም ሲሏት ደግሞ፣ «በሰው እጅ ሁሉ ላይ ሞልቶ እኔ ምን አስጨነቀኝ?» ነበር መልሷ።

«የወንድ ነው» አለች አክስቷ ሰዓቱን ባየችው ጊዜ፣ ድምጿን ቀንሳ። «አባትሽ እንዳያየው። የቆሰለ ሰው ላይ ሌላ ቁስል አይጨመርም።»

ሳሎኑ በለቅሶ ደራሽ ሞልቷል። ሻይ ይዞራል። በበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ማንም የማያውቀው ሽበታም ሰው ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከዘመድ አብልጦ ያለቅሳል።

«ማን ነው?» አለች አንዷ ጎረቤት ለሌላዋ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«የባልየው ጓደኛ ይሆናል።»

«የሱ ጓደኛ ቢሆን ገብቶ አያየውም? እዚያው በር ላይ ተተክሎ ይቀራል?»

«ኧረ ዝም በይ፣ ልጇ ትሰማለች።»

ልጇ ሰምታለች። በሌላ ከተማ ስፌት ላይ አጎንብሳ፣ ዛሬ ነገ ስትል፣ አባቷ ከታመመ ወዲህ እዚህ ቤት የመጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እናቷን የምታውቃት በእሁድ ስልክ ነበር። «ደህና ነን፣ አታስቢ» ትላታለች እናት፤ እሷም አታስብም። ታዲያ የማታውቀው ነገር ቢኖር ምን ይገርማል? ግን ይህኛውን ማሰብ አልፈለገችም። ሳታስበውም መዋል አልቻለችም።

ሰውየው ሊሄድ ሲነሳ አጠገቧ ደርሶ ቆመ።

«እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አለና ኮፍያውን አሻሸ። «ይቅርታ አድርጊልኝ... ሰዓቱ ግን ይሄዳል?»

ፊቷ ጋለ። ክንዱን ይዛ ወደ ጓሮ፣ ልብስ ወደሚሰጣበት ገመድ ሥር ወሰደችው።

«ሰዓቱን የሰጧት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ?» ሰውየው ደነገጠ። «እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችው ጠባብ ሱቅ የኔ ናት። ገዝታ ያመጣችው ራሷ ነች፤ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ። መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ሞላው የተበጠሰ፣ ውስጡ ዝገት! እትዬ፣ ይሄ ሬሳ ነው አልኳት። አስነሳው አለችኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«በየቀኑ የማስረው ነው አለች። ታዲያ እኔ ደግሞ፣ በባትሪ የሚሠራ አለ፣ ርካሽ ነው፣ መሙላት የለ ምን የለ፣ አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ሥራ የማይሰጥ ሰዓት ምን ያደርግልኛል?›» ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «አራት ወር ተመላለሰችብኝ። ሞላውን ከሌላ የሞተ ሰዓት አውጥቼ ቀየርኩ። መሙያው ትንሽ ነው ብላ ትልቅ አስገጠመችኝ፤ ጣቶቿን እንዲህ አጣጥፋ እያዞረች ትሞክረዋለች። የሚለጠጥ የብረት ማሰሪያ ላድርግልሽ፣ ያለ ሰው ርዳታ ታጠልቂዋለሽ ስላት ተቆጣች። ቆዳ ይሁን፣ ዘለበት ይኑረው አለች። እኔማ አንዳንዴ የምታሾፍብኝ ይመስለኝ ነበር።»

«ታዲያ ይህን ያህል ምን አስለቀሰዎት?»

«ሰው ሰዓቱን ጥሎ አዲስ በሚገዛበት፣ ማሠራት በቀረበት ዘመን» አለ ሰውየው፣ «አራት ወር ከፊቴ ተቀምጦ ሥራዬን ያየልኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።»

ሰውየው ከሄደ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ቀለል አላት፤ ግን ጨርሶ አልጠራላትም። እንዲያውም ውሉ ይበልጥ ጠፋባት። ሰዓት የማትወድ ሴት፣ የማይመች ሰዓት፣ እንዳይመች ተደርጎ የተሠራ!

በማግስቱ አባቷ ሲተኛ ሰዓቱን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ግራ እጇ ላይ አድርጋ ልታስረው ሞከረች። ማሰሪያውን ስትጎትት ዘለበቱ ይሸሻል፤ ዘለበቱን ስትይዝ ሰዓቱ ይገለበጣል። በክንዷና በጠረጴዛው መሀል አጣብቃ ብትታገለውም አልሆነላትም። የመርፌ ሰው ሆና በአንድ ዘለበት ተሸነፈች። «ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል እንዴ ይሄ?» አለች ለራሷ።

ይህን ብላ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

በዚህ ቤት ከእናቷ ሌላ ሁለተኛ ሰው ማን ነበር?

አንድ እሁድ በስልክ የሰማችው ትዝ አላት። ሐኪሙ የአባቷ ቀኝ እጅ ካልሠራ ጨርሶ ይጨበጣል ብሎ የላስቲክ ኳስ ሰጥቶት ነበር። «በመስኮት ወረወረው!» አለቻት እናቷ። «ዕድሜውን ሙሉ በቶርኖ ማሽን ብረት ሲላጭ የኖረ ሰው ኳስ ይጨብጣል? አልፈርድበትም።» ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው ብላ ብትጠይቃት፣ «ተዪው፣ እኔ አውቅበታለሁ» ብላ ወሬ ቀየረች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት እንግዳ ሳይመጣ አባቷ ነቃ። የአልጋውን ጠርዝ መታ። «እሺ! እሺ!»

«አመመው፤ ኪኒኑን አምጪ» አለች አክስቷ።

ልብስ ሰፊዋ መሳቢያውን ሳበች።

«ምን ልታደርጊ ነው? ልትገድዪው?»

«እትዬ፣ ሁላችንም ስለማናውቀው ሰው ስንጠያየቅ ከረምን። እሱን የጠየቀው የለም» አለችና ሰዓቱን አባቷ መዳፍ ላይ አኖረችው።

የአባቷ እጅ ጠርዙን መምታት አቆመ። ሰዓቱን ወደ ጆሮው ወሰደ። ቆሟል። ከአልጋው ቀና ለማለት ሲታገል ትራስ ደገፈችለት። የተጣጠፉት የቀኝ እጁ ጣቶች መሙያውን ፈለጉት፤ አዳለጣቸው፤ እንደገና ያዙት። አንድ ዙር፣ ዕረፍት፣ አንድ ዙር። ግንባሩ ላብ አወጣ። አክስቷ ልትረዳው እጇን ስትዘረጋ ልብስ ሰፊዋ በዓይኗ ከለከለቻት።

ሰዓቱ ሲሞላ አባቷ ለራሱ አላሰረውም። ቀና ብሎ ጠበቀ። እሷም ግራ እጇን ዘረጋችለት።

ማሰሪያውን በዘለበቱ ውስጥ ለማሳለፍ ብዙ ፈጀ። ጎተተው፤ ከቀዳዳዎቹ ሁሉ በጣም የሰፋችው፣ በእናቷ ልክ ዘወትር ሲሰካባት ዳሯ የጠቆረው ላይ ደረሰና የዘለበቱን ሽቦ ሰካ። ቆዳው የልጁን እጅ ጨምቆ ያዘ።

አባቷ እጇን አየ። ፊቷን አየ። እንደገና እጇን አየ፣ ረዥም ጊዜ። ከዚያ የሰካውን ሽቦ በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ አውጥቶ፣ አንድ ቀዳዳ አላላላት።