ቁራው እንቢ ያለ ቀን

ቁራው እንቢ አለ። አንዱ ብቻ ቢያኮርፍ ባልከፋ፤ ከወንዙ ዳር ባለው ሾላ ላይ ሃያ የሚሆኑ ቁራዎች ተደርድረው፣ ቅጠል ላይ የተቀመጠውን የሩዝ ድብልብል ቁልቁል እያዩ አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም። ከሩዙ አጠገብ ሌላ ሐዘንተኛ ቤተሰብ ነበር፤ የእነሱን ሩዝ ገና እጃቸውን ሳያነሱ ነው ሁለት ቁራ የተሻማበት። ሰዎቹ አሁን እግራቸውን ታጥበው ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

ዲጋምባር ይህን ሁሉ የሚያየው በትውልድ መንደሩ ወንዝ ዳር ቆሞ አልነበረም። እሱ ያለው ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ሃሚልተን በሚባል ከተማ፣ በኪራይ ቤቱ ማዕድ ቤት ነው። የአውቶቡስ ሾፌርነት ልብሱን እንኳ አላወለቀም። ስልኩን ከስኳር ቆርቆሮው ጋር አስደግፎ ተቀምጧል። እዚያ ገና ረፋድ ነው፤ እዚህ ግን ቀኑ ወደ ማምሻው ተቃርቧል።

እናቱ ከሞተች አሥረኛ ቀኗ ነው። በአገራቸው ወግ፣ በአሥረኛው ቀን ሩዙ ተቀምጦ ቁራ ከነካው ሟቿ ረክታ ሄዳለች። ካልነካው ግን ሆዷ ውስጥ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው። ያኔ ዘመድ በየተራ እየተነሳ ቃል ይገባላታል፤ ትክክለኛው ቃል ሲነገር ቁራው ይወርዳል። "ተረት ነው" እያሉ የሚፎክሩ የተማሩ ሰዎችም የገዛ እናታቸው ቀን ሲደርስ አንገታቸውን ሰቅለው ዛፉን ሲያዩ ይውላሉ። ዲጋምባርም ድሮ ሲፎክር ከነበሩት አንዱ ነው።

አስከሬኑ የሚቃጠልበትን እሳት ማቀጣጠል የበኩር ልጅ ወግ ቢሆንም እሱ አልደረሰም። የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ፓስፖርቱን መሥሪያ ቤት አስገብቶ ነበርና መሄድ አልቻለም። ይህ እውነት ነው፤ ደረሰኙ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሆኖም ለእህቱ ለኩሱም በስልክ ሲነግራት የገዛ ድምፁ ለራሱ ውሸት መስሎ ተሰማው። ሰው ውሸት ሲለምድ እውነቱም በአፉ ውስጥ ይበላሽበታል። ስለዚህ እሳቱን የለኮሰው የአጎቱ ልጅ ራጉ ነው፤ ራሱን ተላጭቶ፣ ነጭ ጨርቅ አገልድሞ፣ አሁንም ከሩዙ ፊት ቁጢጥ ያለው እሱ ነው። ኩሱም ደግሞ ስልኩን ይዛ ለወንድሟ ታሳየዋለች።

"አክስቴ!" አለ ራጉ ወደ ዛፉ ጮኾ። "የምትታለበዋን ጎሽሽን አንሸጣትም! ሰምተሽኛል? ቤት ውስጥ ታረጃለች!"

ቁራዎቹ ዝም።

"የጎሽ ነገር አይደለም የያዛት" አለች ጎረቤታቸው አሮጊቷ ያሙና፣ በምርኩዟ አሸዋውን እየቆረቆረች። "አጥርህን ሁለት ክንድ ገፍተህባት የለ? እሱን መልስላት!"

"ምን ሁለት ክንድ! አንድ ክንድ ናት!"

"ይኸው! በገዛ አፉ አመነ!"

በሐዘን ቦታም ሳቅ አይጠፋም፤ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ። ራጉ የተላጨውን ራሱን አሻሸና "እሺ አክስቴ፣ አጥሩን እመልሳለሁ፤ በሰው ፊት ተናገርኩ" አለ። አንዱ ቁራ ክንፉን ዘርጋ ሲያደርግ ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። ቁራው ብብቱን አክኮ መልሶ ተቀመጠ።

ማዕድ ቤት ውስጥ የዲጋምባር ሚስት ማንጃሪ ከኋላው ቆማለች። እሷም ከሥራ መግባቷ ነው፤ ሥራዋ ጧሪ የሌላቸውን የፈረንጅ አሮጊቶች በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ማጠብ፣ ማበጠርና መመገብ ነው። የሰባት ዓመቷ ልጃቸው ኢራ ከጠረጴዛው ማዶ ሥዕል ታቀልማለች።

"ምን ትደክማላችሁ!" አለች ያሙና እንደገና። "የዚች ሴት ምኞት ምን እንደነበር አገር ያውቀዋል። የልጅ ልጇን ቤት ማየት ነው። ስንት ዓመት ስትንሰፈሰፍ! የከለከላት ያ የፈረንጅ መንግሥት ነው፣ ልቡ ድንጋይ! ዲጉ ልጄማ ሁለት ጊዜ ወረቀት አስገባላት፣ ሁለት ጊዜ መለሱበት። እሱ ምን ያድርግ?"

"እውነት ነው፣ ዲጉ ምን ያድርግ" አለ አንዱ፤ ዲጋምባርን በመንደሩ የሚጠሩት ዲጉ እያሉ ነው። "የቻለውን አድርጓል" አለ ሌላው። እንዲህ እየተቀባበሉ መላው መንደር ማረው። ኩሱም ብቻ ስልኩን ዝቅ አደረገችው፤ ለአፍታ አሸዋውን አሳየ።

ዲጋምባርን ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት እዚህ ሲገቡ "ቤት እንያዝና አመጣሻለሁ" ብሏት ነበር። ቤት ያዙ። የቪዛዋን ቅጽ አመጣና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ማንጃሪ "ይህ ክረምት ይለፍ እንጂ፣ በዚህ ብርድ አሮጊት ሰው ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ተዘግቶባት ምን ትሆናለች?" አለች፤ አባባሏ ስህተት አልነበረውም። ክረምቱ አለፈ። ከዚያ ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ። እናቱ እሑድ እሑድ ስልክ ሲደውል "ወረቀቱን አስገባህ?" ትለዋለች፤ እሱም "አስገብቻለሁ" ማለት ጀመረ። ከዚያ "መልስ መጣ?" ሆነ ጥያቄው። አንድ እሑድ የሰው ፈረቃ ደርቦ ሠርቶ እንደ ውሻ ደክሞት ሳለ፣ ጥያቄው እንዲቀርለት ብቻ "ተከለከለ" አላት።

እናቱ ቀጥላ "አይዞህ ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ" ብላ እሷው አጽናናችው። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብሎ አልጠበቀም ነበር። ባለፈው ዓመት እንደገና መጠየቅ ስትጀምር እንደገና ተከለከለ አላት፤ እንደገናም አጽናናችው። ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው ያ ማጽናናት ነው።

በአንዱ እሑድ ደግሞ ነገር ሲያልቅባቸው "እዚያ ቁራ አለ?" ብላ ጠይቃው ነበር።

"የለም እማ፣ አንድም አላየሁ" ብሎ ሳቀ።

"ታዲያ ሙታኖቻችሁን በምን ታበላላችሁ?" አለች። እሷ አልሳቀችም።

አሁን ያንን አሰበና ጉሮሮውን ጠራረገ። ሊናዘዝ መሆኑ ማንጃሪ ከጀርባው ገባት። ቅጹ መሳቢያ ውስጥ እንደተኛ ታውቃለች፤ ስታጸዳ ስንት ጊዜ አንስታ መልሳዋለች። ትከሻውን ያዝ አደረገችውና "የኢራ አባት፣ ተው" አለች በሹክሹክታ። "የሞተችው ምን ትጠቀማለች? የሚሰሙህ ያሉት ናቸው። ዕድሜ ልክህን በዚህ ነው የሚያነሡህ።"

"ያንሡኝ፤ እማ ብቻ ትብላ" አላት፤ ከዚያም ወደ ስልኩ "ኩሱም፣ ስልኩን ወደ ሩዙ አስጠጊው" አለ።

ስልኩ ወደ ሩዙ ቀረበ።

"እማ" አለ። "ወረቀት አላስገባሁም። ማንም አልከለከለሽም። ቅጹ ከመሳቢያ አልወጣም።"

አሮጊቷ ያሙና እጇን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ "ምን አለ? ምንድን ነው ያለው?" ብላ ጮኸች።

ራጉ ጎንበስ ብሎ "አላስገባሁም አለ" አላት።

"ወረቀቱን?"

"አዎ።"

"አንዴም?"

"አንዴም።"

ያሙና አፏን በሳሪዋ ጫፍ ሸፈነች። ዲጋምባር ያን እንዳያይ ዓይኑን ወደ ዛፉ ላከ። ይህን ያህል ከተዋረደ በኋላ ቁራው መውረዱ አይቀርም ብሎ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ከጠራ ደግሞ የሚታይ ነገር ሊኖር ይገባ ነበር። ቁራዎቹ ግን እንደተደረደሩ ናቸው። አንዱማ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል።

ስልኩ ተገለበጠና የኩሱም ፊት መጣ። ዓይኗ በርበሬ መስሏል።

"ዳዳ" አለችው፤ ታላቅ ወንድሟን ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራው እንዲህ ነው። "ታውቅ ነበር።"

"ማን?"

"እማ። መጀመሪያ ተከለከለ ያልካት ጊዜ፣ በወሩ ሳንግሊ ከተማ ሄደን ነበር፣ የገበያ ቀን። የቪዛ ወረቀት የሚሞላ ሰውዬ አለ። 'ጥፋቴን ይንገረኝ፣ ፈረንጆቹን እኔው እለምናቸዋለሁ' ብላ ከእርሻችን ሸንኮራ ስኳር ጠፍጥፋ ይዛለት ሄደች። ሰውዬው 'ፓስፖርትሽን አምጪ' አላት። 'ፓስፖርት ምንድን ነው?' አለችው። ሳቀባት፣ ዳዳ። 'ፓስፖርት ሳይኖርሽ ማን ነው የከለከለሽ?' አላት። እሷም አብራው ሳቀች። 'እኔ ደንቆሮ፣ ሰምቼ አልገባኝ ይሆናል' አለችና ስኳሩን ትታለት ወጣች።"

ዲጋምባር ይህን ሁሉ ጊዜ ሲዋሽ አንድም ቀን የእናቱ ፓስፖርት ትዝ ብሎት አያውቅም። ውሸቱን እንኳ በቅጡ አላሰበላትም።

"እና... ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ስነግራት?"

"እያወቀች ነው።"

አይዞህ ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ። እያወቀች ነው ያለችው።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለ፤ ማንን እንደሚቆጣ ግን አላወቀም።

"አስምላኝ ነው። አውቶቡስ ውስጥ እጄን ጨብጣ። 'ለዲጉ እንዳትነግሪው' አለችኝ። 'ካወቀ ያፍራል፣ ካፈረ እሑድ መደወል ይተዋል' አለች።"

ማንጃሪ እጇን ከትከሻው ላይ አነሳችና ዞራ ቧንቧውን ከፈተች። የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም።

"እንግዲያው ታወቀ!" አለ ሥርዓቱን የሚመራው ካህኑ ጉሩጂ። ፀሐዩ እየጠነከረበት ነው፤ ከኋላውም ሌላ ቤተሰብ ሩዙን ይዞ ተራ ይጠብቃል። "የሟቿ ሐሳብ ልጇ እንዳያፍር ነው። እሱን ቃል ግባላት፣ ልጄ። 'አላፍርም፣ አልጸጸትም፣ በሰላም ሂጂ' በላት። ሦስት ቃል ናት፣ በላትና እናብቃ።"

"በላት፣ ዲጉ" አለ ራጉም። "እኔ እንኳ አጥሩን ብያለሁ።"

ዲጋምባር አፉን ከፈተ። በየእሑዱ ምላሱ ሳይታሰር የዋሻት ሰው ነው፤ ይህችን አንዲት ውሸት ለራሷ ደስታ ብሎ ቢጨምርላት ምን ነበረበት? ሁሉም ስልኩን ያያል። ቁራዎቹ ሳይቀሩ የሚያዩት መሰለው። ኩሱም እያለቀሰች በራሷ ንቅንቅ "በል" ትለዋለች።

"አልችልም" አለ። "ይህን አልዋሻትም።"

ወጉ ለሁሉም መላ አለውና ጉሩጂ ከከረጢቱ የተቀደሰውን ሣር አወጣ፤ አጥፎ፣ ጠምዝዞ፣ ምንቃር የመሰለ ነገር አበጀለትና የሣር ቁራ ሠራ። ሩዙን በሣሩ ምንቃር ነካ አደረገው። "ተፈጸመ" አለ። ሰዉ አሸዋውን ከልብሱ እያራገፈ ተነሳ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እየመጡ ስልኩ ላይ ፊታቸውን ደቅነው "ዲጉ፣ ወፍረሃል!" የሚሉት ሁሉ ዛሬ በሌላ በኩል ዞረው አለፉ። ያሙና ብቻ መጣች። ስልኩን ለረጅም ጊዜ አየችው። "አይ ልጄ" አለችና ምርኩዟን ይዛ ሄደች።

ኩሱም ዓይኗን ጠረገች። "እሑድ ትደውላለህ አይደል?" አለችው። ልክ እናቱ ትለው እንደነበረው ነው ያለችው፤ መልስ እንደምትፈራ ሰው፣ ቶሎ ብላ።

"እደውላለሁ።"

ስልኩ ጠፋ። ማንጃሪ ውኃውን ዘጋች።

"ባባ፣ ቁራው በላ?" አለች ኢራ ቀለሟን አስቀምጣ።

"በላ፣ በላ" አለች እናቷ ፈጥና።

"አልበላም" አለ ዲጋምባር። "ከሣር ቁራ ሠርተው አስነኩት።"

ልጅቷ ይህን አሰላሰለችው። "አያቴ ታዲያ ርቧት ነው የሄደችው?"

"አላውቅም፣ ልጄ።"

"እዚህ ብትመጣ እኮ እኔ አበላት ነበር። ለምንድን ነው ያልመጣችው? ስለከለከሏት ነው አይደል?"

ማንጃሪ ባሏን አየችው፤ በዓይኗ ለመነችው። እሱ የሾፌር ልብሱን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈው።

"የከለከላት የለም። እኔ ሳልጠራት ቀርቼ ነው" አለ።

"ለምን?"

ምክንያቶቹን ፈለገ። ብርዱ ነበረ፣ የቤቱ ጥበት ነበረ፣ ድካሙ፣ የደረበው ፈረቃ። አራት ዓመት ሙሉ ያመነባቸው ምክንያቶች ናቸው፤ በየተራ ወደ አፉ አመጣቸው፣ አንዱም ግን ለሰባት ዓመት ልጅ የሚነገር ሆኖ አላገኘውም። ኢራ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ተንተርሳ መልሱን ትጠብቅ ነበር።