የአቢጋኤል ጾም

የልብን ጓዳ በሚያውቅ፣ ለነገር ሁሉ ጊዜን በወሰነ አምላክ ፊት ይህን ታሪክ አኖራለሁ፤ እኔ የማውቀው የተነገረኝን ያህል ብቻ ነው። ባለታሪኮቹ እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ስማቸውን ግን ለውጫለሁ።

በመቱ ከተማ ለወጣቶች የሥነ ልቦና ምክር በሚሰጥበት ክፍል የወንድሜ ልጅ ትህትና ትሠራለች። ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ ስለሆንሁ እስከ ዛሬ «የኔታ» ትለኛለች። ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቴ መጣች።

«አለቃዬ አቶ ፋኦል፣ ከእንግዲህ በየትኛው መንገድ እንደምትሠሪ መርጠሽ ንገሪኝ ብለውኛል» አለችኝ።

«መንገዱ ብዙ ነው?»

«አንዱ የተጨነቀውን ሰው ሐሳብ እየመረመረ የተሳሳተውን ያቀናል። ሌላው ቤተሰቡን አንድ ላይ አስቀምጦ ያነጋግራል። ሌላም አለ። እኔ የሠለጠንሁት በመጀመሪያው ነው።»

«እንግዲያው እሱን ያዢ። በእኛም ዘንድ የዋሸራ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የሌላውን፣ የጎንጅን ቅኔ ቤት ደጅ አይረግጥም።»

«እርስዎ ግን ሁለቱንም ተምረዋል።»

«ስለ እኔ ማን ጠየቀሽ?»

ሳቀች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠና ስለ አቢጋኤል ነገረችኝ።

አቢጋኤል የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። በጎሬ መንገድ ሚኒባስ ይነዳ የነበረው አባቷ በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ በድንገት ዐረፈ። በዚያች ዕለት ደውሎላት ነበር፤ ተኳርፈው ስለነበር አላነሣችም። ከዚያ ወዲህ ጾም አጠበቀች፤ ሰፈርተኛውም «የተባረከች ልጅ» አላት። ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳም እናቷን «ትምህርት ቤት በላሁ» እያለች ቀጠለች፤ በመጨረሻ ክፍል ውስጥ ወደቀች። ያያት ሐኪም፣ እንዲህ ከሆነች ሰውነቷ አይችልም ብሎ ወደ ትህትና ላካት።

ትህትና በለመደችው መንገድ ጠየቀቻት። ስልኩን ሳታነሺ ስትቀሪ ምን አሰብሽ? ያ ሐሳብ እውነት ነው? ልጅቱ ዐንገቷን ደፍታ ሁሉንም መለሰች። ሲጨርሱ ተነሥታ ቆመች።

«እትዬ፣ ቀኖናዬ ምንድን ነው?»

«የምን ቀኖና?»

«ጥፋቴን ነገርኩዎት አይደል? ካነሰ ጾሙን ልጨምር።»

ትህትና ይህን ነግራኝ ቀጠለች። «የኔታ፣ ምክሩን እንደ ኑዛዜ ነው የቆጠረችው። በመረመርኋት ቁጥር በደሏ እየከበደ ሄደ። መንገዱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለዚህች ልጅ ግን ብቻዋን ከፊቴ መቀመጧ ራሱ ፍርድ ሆነባት።»



በማግሥቱ ትህትና ልጅቱን አስፈቅዳ እናቲቱን ኡርጌን ጠራች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ወንበሮች ሁለት ብቻ ስለሆኑ ከጥበቃው ዘንድ አግዳሚ አስመጣች፤ ሦስቱም በዚያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እማ፣» አለች አቢጋኤል፣ «አባዬ ሲደውል አላነሣሁለትም።»

ኡርጌ ወደ ልጇ ዞረች። ከዚያም በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ፣» ልጄ፣ ብላ ጀመረች። «ለእኔም ደውሎ ነበር። ገበያ ነበርኩ፤ በጫጫታው አልሰማሁም። ታዲያ እኔም ልጹም? ሁለታችንም ብንወድቅ ማን ሊደርስልን ነው፣ ጎረቤት? ጎረቤቶቻችንን ታውቂያቸው የለ? ወሬውን ሳይጨርሱ አይመጡም።»

አቢጋኤል ሳቀች፤ ሳቋም መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። እናቷ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

«ያን ቀን ጠዋት ሲወጣ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ማታ ትታረቀኛለች፤ ኩርፊያዋ ከራት አያልፍም› አለኝ። አላዘነብሽም።»

ልጅቱ ዓይኗን ጠረገች። «እማ፣ ርቦኛል» አለች።

ትህትና ለአቶ ፋኦል ቤተሰብን አብሮ የሚያነጋግረውን መንገድ መምረጧን ስትነግራቸው፣ «ከሀ ልትጀምሪ ነው?» አሏት።

«ከሀ እጀምራለሁ።»

«ጥበቃውስ ምን ላይ ይቀመጥ?»

«የእኔን ወንበር ይውሰድ።»

ይህን ያነበብህ፣ ያነበብሽ ሁሉ፣ በቤታችሁ ያዘነ ልጅ ቢኖር ኀዘኑን የሚካፈለው አይጣ። መድኃኔ ዓለም ማዕዳችሁን ሙሉ፣ ኩርፊያችሁን አጭር፣ ዕርቃችሁን ፈጣን ያድርግላችሁ፤ አሜን።