ጨርቅ ያልታሰረበት ጉቶ

ኮረብታው ሦስት ቀን ነደደ። እሳቱ ሲበርድ ከችግኝ ጣቢያው ጓሮ እስከ አናቱ ድረስ ጥቁር ነበር።

በዚያ ጣቢያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ እግሬ ወደዚያው ነው። አሁን ኃላፊዋ ልጄ ናት። ቤት ውስጥ «አንተ» ትለኛለች፤ ሥራ ላይ «እርስዎ»።

«ትራክተር ይመጣል» አለችኝ ከጠረጴዛዋ ጀርባ። «ጉቶው ተነቅሎ፣ መሬቱ ታርሶ ችግኝ ይተከላል። ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም፤ ዘግይቶ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። እስኪያቆጠቁጥ አንጠብቅም።»

«ሥሩ ከሞተ ንቀዪው። ካልሞተ አፈሩን የያዘው እሱ ነው።»

ይህን ያወቅሁት ተምሬ ሳይሆን አጥፍቼ ነው። ወጣት ሳለሁ ማዶ ያለው ተዳፋት ተቃጥሎ ነበር። ሞቷል ብዬ ጉቶውን ያስነቀልኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዝናብ አፈሩ ወረደ። ዛሬ ቦረቦሩ ቤት ይውጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት አልተለቀመም።

ልጄ ይህን ታውቃለች። «አርባ ቀን» አለች። «ከዚያ በላይ አለቆቼ አይሰጡኝም።»

ቢላዋዬን ይዤ ወጣሁ። የጉቶውን ግርጌ እፍቃለሁ። ከጥቁሩ ቅርፊት ሥር አረንጓዴ ከታየ በሕይወት አለ፤ ነጭ ጨርቅ አስርበታለሁ። ቡናማ ከሆነ አልፈዋለሁ። ጨርቅ ሲያልቅብኝ አንሶላ ቀደድኩ።

«ጉቶ አንሶላ ለብሶ እኔ ባዶ ፍራሽ ላይ ልተኛ?» አለች ባለቤቴ።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ጉቶ አሰርኩ። ዝናብ ግን ቀረ። ከመሬት በላይ አንዳች ነገር አልወጣም።

በአርባኛው ቀን ጠዋት ትራክተሩ መጣ። ሹፌሩ ጨርቆቹን አይቶ ሳቀ።

«አባባ፣ ልብስ አጥበው ነው ያሰጡት?»

«እስኪደርቅ ጠብቅ።»

ልጄ ተዳፋቱን በዓይኗ ለካችው። «ጨርቅ ያለው ከአምስት አንዱ ነው» አለች። «አራቱ ከሞቱ አንዱ ብቻውን አፈሩን አይዝም። ይህንን እርስዎም ያውቃሉ።»

አውቃለሁ።

አካፋ አነሳች። ጨርቅ ወደሌለው ጉቶ ሄዳ ተንበረከከች።

«እሱ ሞቷል» አልኳት። «ፍቄ አይቼዋለሁ።»

«እኔም ልየው።»

ቆፈረች። ቢላዋዬ ከደረሰበት አንድ ስንዝር ወረደች፤ አካፋውን ጥላ በጣቷ ጫረች። ከዚያ እጇ ቆመ። ከሥሩ ጎን ቀይ ለጋ እምቡጥ ተደርድሮ ነበር፤ እንደ ሕፃን ድድ። ያለ ዝናብ፣ ከታች ባለ እርጥበት ብቻ ወደ ላይ እየመጣ ነው።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች። «ቢላዋህ ዋሽቷል! አንተ ገደልከው፣ እሱ እምቢ ብሏል!»

በሹፌሩ ፊት «አንተ» አለችኝ። ሹፌሩም ወርዶ ዶማ ያዘ። ጨርቅ ካልታሰረባቸው ሃያ ቆፈርን። አሥራ ሰባቱ ሕያው ነበሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተሳስቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?» አለ ሹፌሩ አፈሩን ከእጁ እያራገፈ።

«የአጥር እንጨት ታመላልሳለህ» አለችው ልጄ። «ከብት እንዳይገባበት።»

ዝናቡ በሃምሳ ሦስተኛው ቀን መጣ፤ እንደ ዘመኑ ልማድ ሁሉንም ባንዴ ደፋው። ከኮረብታው ግርጌ ቆሜ ጠበቅሁ። የወረደው ውኃ በአመድ ጠቁሯል፤ አፈር ግን አልነበረበትም። አፈሩ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

አናቱ ላይ የነበሩት ጥዶች አልተመለሱም። እዚያ ጉድጓድ ብቻ ቆፍረን፣ ድርቅ የሚችል ችግኝ ተከልን። የቀረውን ኮረብታው ራሱ ሠራው።

ዝናቡ ከመጣ በሁለተኛው ወር ጨርቆቼን ልሰበስብ ወጣሁ። ቅጠል ውጧቸው ግማሹን አጣሁ።

«አንሶላዬስ?» አለች ባለቤቴ ከበር።

«ውጪና እዪው» አልኳት፤ እጇን ይዤ ወደ ኮረብታው አዞርኳት።