በሐይቁ ዳር የቆመች መርከብ

ጉተማና አብዱልመናን ከአዳሚ ቱሉ ወጣ ብላ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ባለች መንደር አብረው ያደጉ፣ በአንድ የደንገል ታንኳ ዓሣ ያጠመዱ ጓደኛሞች ነበሩ። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ሌላው ሰጋጅ ቢሆኑም ይህ አንድ ቀን እንኳ አለያይቷቸው አያውቅም። የባቡር ሐዲድ በአዳማ ሲዘረጋ ለቀን ሥራ መጡ። ጉተማ እዚያው ዲንቄን አገባ። የሐዲዱ ሥራ ሲያልቅ ግን ሁለቱም ጅቡቲ ወርደው መርከብ ላይ ተቀጠሩ።

መጀመሪያ ወለል አጣቢ፣ ቀጥሎ ከሰል ጫኝ ነበሩ። በስምንት ዓመት ውስጥ ጉተማ መሪ ያዥ ሹም፣ አብዱልመናን የእሳት ክፍል አለቃ ሆኑ፤ በፈረንጅ የጦር መርከብ ላይ፣ ክንዱ ላይ የወርቅ ክር የተሰፋበት ኮት ለበሱ። ጉተማ በሁለት ዓመት አንዴ ለአንድ ወር ይመጣ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ዲንቄ ከወሩ ውስጥ ግማሹን እሱን በመልመድ፣ ግማሹን መሄጃውን በመፍራት ታሳልፈው ነበር።

በ1920 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ደብዳቤ መጣ። የባቡር ጣቢያው ጸሐፊ አነበበላት፦ በሐምሌ ማዕበል መርከቢቱ ሰጥማለች፤ ሁለቱም ሹሞች ጠፍተዋል።

«ሞተዋል ይላል?» አለች ዲንቄ።

«አይ፣ ጠፍተዋል ነው የሚለው።»

«እንግዲያው የጠፋ ይገኛል» ብላ ደብዳቤውን አጣጥፋ ሄደች።

ጥቁር አልለበሰችም። ተዝካር አውጪ ያሏትን ሁሉ መልሳ ሰደደች። ጣቢያው አጠገብ ባለው የግሪክ ሆቴል አንሶላ ታጥብ ነበርና ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ፉጨቱን ባሰማ ቁጥር፣ እጇ ላይ አረፋው እንዳለ ወጥታ የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ታያለች። ሰዉ በመጀመሪያ አዘነላት፤ ቀስ በቀስ ለመዳት።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በ1923 ጥቅምት የአብዱልመናን ታላቅ እህት ፋዲላ በበቅሎ አዳማ ገባች።

«አካም ጅርታ፣ ዲንቄ?» ብላ ሰላም አለቻትና ከተቃቀፉ በኋላ ነገሩን ሳታዞር ነገረቻት። «የአገሩ ሰው ለሁለቱ የመታሰቢያ ድንጋይ ሊያቆም ነው። ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ እንዲህ ያለ ሹመት ያገኘ የለም። ስማቸው ተረስቶ እንዳይቀር።»

«ሬሳ በሌለበት፣ እትዬ?»

«ሽማግሌዎቹም ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቁበት። በመጨረሻ ‹አፈሩ ባያገኛቸው ድንጋዩ ያግኛቸው› አሉ።»

«ለአብዱልመናን ያቁሙ። የኔው ጠፋ እንጂ አልሞተም።»

ፋዲላ አልተቆጣችም። «እኔ ልለምንሽ የመጣሁት ለሌላ ነው» አለች። «ምስላቸውን ድንጋዩ ላይ የሚቀርጸው ጠራቢ፣ ራህመቶ፣ ተቸግሯል። ፈረስ ያውቃል፣ ጦር ያውቃል፣ በሬ ያውቃል። መርከብ ግን በዓይኑ አላየም። ከእኛ ውስጥ ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

እውነቷን ነው። በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት ጉተማ ጅቡቲ ድረስ ወስዶ መርከቡን አሳይቷት ነበር። ዲንቄም፣ «መርከቡን ብቻ ነግሬ እመለሳለሁ። የጉተማን ስም ግን እንዳይቀርጹብኝ» አለች።

ሦስት ቀን በበቅሎ ተጓዙ። ራህመቶ ከሐይቁ ዳር፣ ከግራር ሥር ነበር፤ ሽበቱና የድንጋዩ ብናኝ የማይለይ ቀጭን ሽማግሌ። ድንጋዩ ከሰው ቁመት በላይ ነው። አብዱልመናን አካፋውን ይዞ ከእሳቱ ፊት ተቀርጿል። ከጎኑ ያለው ቦታ ለስልሶ ባዶውን ቀርቷል።

«ታንኳ ነው ወይስ ቤት?» አላት ራህመቶ።

«ሁለቱንም ነው፣ አባባ። ከታች ታንኳ፣ ከላዩ ቤት፣ ከቤቱም ላይ ሌላ ቤት። መሐሉ ላይ እንደ ባቡሩ ጭስ የሚተፉ ሁለት ጉሮሮዎች አሉት።»

«አፍንጫው እንደ ታንኳችን ወደ ላይ ይቀሰራል?»

«የለም፤ ቀጥ ብሎ ውኃውን ይሰነጥቃል።»

በእንጨት አሸዋው ላይ ሣለችለት። እሱ ጠረበ፤ እሷ አረመች። በሦስተኛው ቀን ራህመቶ መሮውን እንደያዘ፣ «መሪ የሚይዘውስ የት ነው የሚቆመው?» ብሎ ጠየቀ።

«እዚህ፣ ከፍ ያለው ላይ።»

«እንዴት አድርጎ ይይዘዋል?»

ዲንቄ ተነሥታ ቆመችና እጆቿን ዘረጋች። «በሁለት እጁ። ግራ ትከሻው ዘንበል ይል ነበር፤ በልጅነቱ ታንኳ ሲቀዝፍ ነው የለመደበት። አንድ ጥርሱ ጎደሎ ስለነበር ሲስቅ በከንፈሩ ይሸፍነው ነበር። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ቃል አይናገርም ነበር...»

ቃሏን ሳትጨርስ ቆመች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጉተማ ስታወራ «ይወዳል»፣ «ይላል» እንጂ «ነበር» ብላ አታውቅም፤ ማንም ደፍሮ አላረማትም። አሁን ቃሉ ከገዛ አፏ ወጣ።

ራህመቶ መሮውን መሬት አስቀመጠ። በዝግታም፣ «ትከሻውን እንዴት አልሽኝ፣ ልጄ?» አላት።

የራሷን ግራ ትከሻ ዘንበል አድርጋ አሳየችው። ሽማግሌው ከሰል አንሥቶ በባዶው ቦታ ላይ መሣል ጀመረ፤ ተው አላለችውም። ትከሻው፣ ክንዱ፣ የክንዱ ላይ ክር አንድ በአንድ ሲወጣ እያየች አጠገቧ በተቀመጠችው በፋዲላ ጭን ላይ ወደቀች። የሁለት ዓመቱን ልቅሶ በአንድ ከሰዓት አለቀሰችው። ፋዲላም ወንድሟን እየጠራች አብራ አለቀሰች።

በማግስቱ የጉተማ ስም ተቀረጸ። መርከቢቱን በቀይ አፈርና በከሰል ቀቧት። ድንጋዩን አሥራ ሁለት ወንዶች ፊቱን ወደ ውኃው አድርገው አቆሙት። ቄሱም ሼኩም በየተራ ጸለዩ። ፈረሰኞች ዙሪያውን ጋለቡ፤ አንዱ አልቃሽም እንዲህ አለ፦

የፈረስ አገር ልጅ ባሕር ላይ ሰፈረ፤
አፈሩ ቢጠራው ማዕበል አስቀረ።

ሕዝቡ ሲበተን ዲንቄ ኢተፋ ወደሚባል ዓሣ አጥማጅ ሄደችና ታንኳው ላይ እንዲወስዳት ለመነችው።

«ምን ልትፈልጊ ነው?» አለች ፋዲላ ደንግጣ።

«ምንም። ውኃ ላይ ላለ ሰው ዳሩ እንዴት እንደሚታይ ልየው ብዬ ነው።»

ኢተፋ ቀዘፈ። መጀመሪያ የሰዎቹ ድምፅ ጠፋ። ቀጥሎ የመርከቢቱ ቅርጽ ጠፋና የድንጋዩ ቅላት ብቻ ቀረ። ዲንቄ ፊቷን ወደ ዳሩ አዙራ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ከዚህ ካለፍን ድንጋዩ አይታይም» አላት።

«አውቃለሁ። እስከዚያ ድረስ ውሰደኝ።»

ትንሽ እንደሄዱ ድንጋዩ ከግራሮቹ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ሆነ። ዲንቄ ቦታውን ትክ ብላ ስታይ ቆየች። ነፋሱ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደው፤ አልመለሰችውም።

«በቃ» አለች በመጨረሻ። «አሁን መልሰኝ።»