የአቶ ጎበዜ ጉድጓድ

አቶ ጎበዜ ስለ ሽንት ቤት ሲወራ መስማት የማይወዱ ሰው ነበሩ። ከዘመሮ ከተማ በላይ ባለው ደጋ የምትገኘው መንደራቸው የቦኖ ውሃ ያገኘች ሰሞን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እየሩስ ሰዉን ሰብስባ፣ «ውሃችን ንጹሕ ሆኗል። ንጹሕ ሆኖ የሚቆየው ግን እያንዳንዱ ቤት ሽንት ቤት ሲኖረው ነው» ብላ ስታስረዳ፣ እሳቸው ተነሡና፣ «ልጄ፣ እግዜር የሰጠን ይኼ ሁሉ ሜዳ እያለ፣ እንደ ከተማ ሰው ጠባብ ቤት ውስጥ የምንታፈነው ምን አስጨንቆን ነው?» አሏት። ሰዉ ሳቀ። አቶ ጎበዜም ንግግራቸው ስለተወደደላቸው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርነሽ ከሴቶቹ መሐል ነበሩ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በኅዳር ውርጭ፣ ወይዘሮ ብርነሽ ሰማዩ ገና ሳይነጣ እንደ ልማዳቸው ከቤት ወጡ። ጉልበታቸውን ካመማቸው ቆይቷል። አቶ ጎበዜ በጎቹን አውጥተው ሲመለሱ ምድጃው አልተያያዘም፤ ባለቤታቸውም የሉም። ደጋግመው ቢጣሩ ከማሳው ግርጌ ካለው ፈፋ ቀጭን ድምፅ መለሰላቸው። ወይዘሮ ብርነሽን ውርጭ የያዘው ድንጋይ አንሸራትቷቸው፣ መነሣት አቅቷቸው ተቀምጠዋል።

«ምነው ብትጣሪ?»

«እንዲህ ሆኜ ሰው እንዲያየኝ?»

አዝለው ወደ ቤት ወሰዷቸው። እሳት አንድደው፣ የበግ ፀጉር ባና ደርበውላቸው፣ ከቦኖ የተቀዳውን ውሃ በጣሳ አቀረቡላቸው። ወይዘሮ ብርነሽ ከንፈራቸውን ብቻ አርሰው ጣሳውን መለሱ።

«ጠጪው እንጂ።»

«ይበቃኛል። ቀን ውሃ አልጠጣም እኮ።»

«ለምን?»

«ጠጥቼ የት እሄዳለሁ? ሜዳው ለእናንተ ነው እንጂ፣ ለእኛ እስኪመሽ ድረስ ሜዳ አይደለም። ሴቱ ሁሉ እንዲሁ ነው።»

ይህን ያሉት ሳይቆጡ ነው፤ ስለ ዝናብ ወይም ስለ በግ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። አቶ ጎበዜ ግን የተመለሰላቸውን ጣሳ አዩት። ቦኖው ከደጃቸው ብዙም አይርቅም። ውሃው የመጣ ቀን እልል ካሉት ሴቶች አንዷ እኚሁ ብርነሽ ነበሩ። ለካ ውሃውን እየቀዱ፣ ለባላቸው እያቀረቡ፣ ራሳቸው በጥም ይውሉ ኖሯል። ይህን ያህል ዘመን አብረው ሲኖሩ፣ አንድም ቀን «ለምን አትጠጪም?» ብለው አልጠየቋቸውም።

በማግስቱ አቶ ጎበዜ ዶማና አካፋ ይዘው ከቤቱ በስተጀርባ፣ የቦኖው ውሃ ከሚመጣበት ምንጭም ከቦኖውም በታች ባለው ጥግ መቆፈር ጀመሩ። ጎረቤታቸው አፈወርቅ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ፣ «ጋሽ ጎበዜ፣ ምን እየቆፈሩ ነው?» አላቸው። አቶ ጎበዜ በስብሰባው ላይ የተናገሩት ትዝ ብሏቸው አፈሩ።

«የገብስ ማስቀመጫ ጉድጓድ ነው» አሉት።

አፈወርቅ ሥራ ያየ እንደሆነ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል ጎልማሳ ነው። ድጅኖውን ይዞ መጣ። ጥቁሩ አፈር ቶሎ አለቀና ድንጋይ ሆነ። ጠዋት ጠዋት እየተፈራረቁ ድንጋዩን ይፈነቅሉ ጀመር። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር አፈወርቅ ደስ ይለዋል።

«ይኼ የእኔንም ገብስ ይይዛል፤ የእኔ ጎተራ አይጥ ነው የሚያረባው» አለ አንድ ቀን።

አቶ ጎበዜ፣ «እስቲ መጀመሪያ ይለቅ» ብለው አለፉት።

እየሩስ ለቤት ለቤት ጉብኝት ስትመጣ ሁለቱን ጉድጓድ ውስጥ አገኘቻቸው። አፈወርቅ ቀድሞ፣ «የእህል ነው» አላት። እሷ ጉድጓዱን አየች፤ ከዚያ አቶ ጎበዜን አየች። እሳቸው ዓይናቸውን ወደ ድጅኖው መለሱ።

«ጥሩ ቦታ ነው የመረጡት፣ አባባ» አለች። «ከምንጩ በታች ነው። የሲሚንቶ ክዳን ካስፈለገዎት ጤና ኬላው ግቢ ውስጥ አለ።»

«ለእህል ሲሚንቶ ምን ያደርጋል?» አለ አፈወርቅ። እየሩስ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና መንገዷን ቀጠለች።

ቁፋሮው ባለቀ ሰሞን አፈወርቅ አህያውን ገብስ ጭኖ ብቅ አለ። አቶ ጎበዜ የአህያውን ገመድ ያዙ።

«አፈወርቅ፣ ገብሱን መልሰው።»

«ምነው ጋሼ?»

«የእህል ጉድጓድ አይደለም። ዋሽቼህ ነው። ሽንት ቤት ነው።»

አፈወርቅ ጉድጓዱን፣ ከዚያ የተላጠ መዳፉን ተመለከተ። «እርስዎ? ለማን ብለው?»

«ለብርነሽ። ቀን ውሃ አትጠጣም። እስኪመሽ መውጫ የለኝም ብላ አትጠጣም። እኔ አላውቅም ነበር።»

አፈወርቅ አልሳቀም። በአህያው ጀርባ ላይ እጁን አሳረፈ። ሚስቱ ዘነበች የሚጠባ ልጅ ይዛለች።

«ዘነበችም እንዲሁ ትሆን ይሆን?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷን ጠይቃት።»

አህያውን ነድቶ ሄደ። አቶ ጎበዜ፣ አሁን መንደሩ ሁሉ ይሰማና መሳቂያ እሆናለሁ ብለው እየሠጉ ለግድግዳው ድንጋይ መደርደር ጀመሩ። አፈወርቅ ግን ብዙም ሳይቆይ የባሕር ዛፍ አጣና ተሸክሞ ተመለሰ።

«ጠየቅኋት» አለ። አጣናውን አውርዶ ሥራ ጀመረ።

ግድግዳው በድንጋይ ታነጸ፤ ጣሪያው የጓሳ ሣር ለበሰ። የሲሚንቶውን ክዳን በወሳንሳ ተሸክመው አመጡት። እየሩስ ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን ባለ ቧንቧ ጀሪካን ከበሩ አጠገብ ሰቀለችና ሳሙና አስቀመጠች። ስለዚያ ስብሰባ አንዲት ቃል አላነሣችም፤ አቶ ጎበዜም ስለዚህ ወደዷት።

ወይዘሮ ብርነሽ በትራቸውን ተመርኩዘው መጡ። ወዲያው አልገቡም። ዙሪያውን ዞረው አዩ፤ በሩን ከፈቱ፤ ገብተው መቀርቀሪያውን ከውስጥ ሞከሩት።

«ይዘጋል» አሉ ከውስጥ ሆነው።

ሲወጡ ፊታቸው በርቷል። በዚያው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ጣሳ ውሃ ጠጥተው ሌላ አስቀዱ። አቶ ጎበዜ ራሳቸው ቀዱላቸው።

ቀጥሎ የአፈወርቅ ተራ ሆነ፤ ከእሱ በኋላም ሌሎች ለመቆፈር አሰቡ። አቶ ጎበዜ በሄዱበት ሁሉ አዛዥ ሆኑ። በአፈወርቅ ግቢ፣ «በሩን ወደዚህ አታዙረው፤ ነፋስ ይገባል» እያሉ ይከራከራሉ። ወይዘሮ ብርነሽና ዘነበች ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ።

«እትዬ ብርነሽ፣ ጋሼ ድሮም እንዲህ ማዘዝ ይወዳሉ?» አለች ዘነበች።

«ድሮም ይወድ ነበር። አሁን ግን የሚሰማው ሰው አገኘ።»

አቶ ጎበዜ አልሰሟቸውም። ድጅኖውን ከአፈወርቅ ተቀብለው ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ነበር።